ከየት ቆመን እናንሳ? ስለ ካሜራና ሌንስ አመራረጥ

(ሱሉልታ ውስጥ በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለፎቶግራፍ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ ሳሰናዳው ከአድማጮች ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከአዲስ አበባ እንጦጦን አቋርጣችሁ ለመጣችሁም፣ እዚሁ ከሰፈር በእግራችሁ ለደረሳችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ኑሮዬን የምመራው በፊዚክስ መምህርነት ነው፤ ቅዳሜና እሑዴን ግን ካሜራ ከወሰደው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ ካሜራና ሌንስ አመራረጥ እንድናገር ስጠየቅ ደስ ብሎኝ እሺ ያልኩት፣ ወጣቶች ገንዘባቸውን ለማያስፈልጋቸው ዕቃ ሲያወጡ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ነገሬን ከአውድማ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ። ከዚህ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ገብስ ይወቃል። እኔ ከወንዙ ወዲህ ቆሜ፣ አዲስ በገዛሁት 300 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ሌንስ (ቁጥሩ ባደገ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል) አንድ አዛውንት ገበሬ በመንሽ ሲያዘሩ አነሳለሁ። ሃያ ያህል ፎቶ ካነሳሁ በኋላ አዩኝ። መንሹን መሬት ላይ ተክለው፣ ወንዙን ተሻግረው መጡ። አልተቆጡም። በወጉ ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ "ልጄ፣ ምን ወሰድክ?" አሉኝ። "ምንም አልወሰድኩም አባቴ፣ ፎቶ ነው" አልኳቸው። "እሱንማ አየሁ፤ የሰው ቤት የሚገባው ግን በበሩ ነው" አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ከፈትኳቸው። ጥርት ያሉ ናቸው፤ የጢማቸው ሽበት ይቆጠራል። ነገር ግን ከኋላቸው 30 ሜትር ርቆ የነበረው የጭድ ክምር ጀርባቸው ላይ የተለጠፈ ይመስላል፤ በሬዎቹም ትከሻቸው ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በሃያውም ፎቶ ውስጥ እኔ አለመኖሬ ይታያል። ሰውየው ለማንም አይደሉም፤ ማንም አልቀረባቸውም።

በሳምንቱ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ፣ ባዶ እጄን ላለመሄድ ቡናና ስኳር ቋጥሬ ተመለስኩ። ጠላ ቀዱልኝ፤ ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ከተማ ስለገባው ልጃቸው ተጨዋወትን። ካሜራዬን ሲያዩ፣ "ነፋሱ የሚነሳው አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከዚህ ቁም፤ ገለባው ወደዚያ ነው የሚሄደው" ብለው በምሥራቅ በኩል ያለውን የአውድማውን ጠርዝ አሳዩኝ። የቆምኩት እሳቸው ባሳዩኝ ቦታ ነው። ነፋሱ ከበስተጀርባዬ፣ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቴ ሆነች። መንሹ ወደ ላይ ሲወረወር ፍሬው እንደ ጠጠር ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ገለባው ተንሳፍፎ በፀሐይዋ ውስጥ ወርቅ መሰለ። በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ነበርኩ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። በሰከንድ አንድ ሺኛ የመዝጊያ ፍጥነት ሳነሳ እያንዳንዱ ገለባ አየር ላይ ቆመ፤ ወደ አንድ ስልሳኛ ዝቅ ሳደርገው እንደ ክር ተስቦ ወጣ። ሁለቱም ፎቶዎች ዛሬም አሉኝ።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ከዚህ የተገኘ ነው። ሌንስ ስንገዛ የምንገዛው የምንቆምበትን ቦታ ነው።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ፤ የመምህርነት ጠባይ ነውና ታገሡኝ። ከአፍንጫችን ጫፍ እስከ ጆሯችን ያለው ርቀት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ካሜራው ከአፍንጫዬ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ ከጆሮዬ 62 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። 62ን ለ50 ብናካፍል 1.24 እናገኛለን፤ አፍንጫዬ ከጆሮዬ አንጻር በ24 በመቶ ተልቆ ይወጣል። አሁን ካሜራውን ሁለት ሜትር እናርቀው። 212ን ለ200 ስናካፍል 1.06 ነው። ግነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ። በዚህ ስሌት ውስጥ ሌንስ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ርቀት ብቻ ነው። "ሰፊ ሌንስ ፊት ያበላሻል" ሲባል የምትሰሙት ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የሌንሱ ሳይሆን፣ ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ የያዘ ሰው ፎቶውን በተነሺው ፊት ለመሙላት ብሎ እጅግ መጠጋቱ ነው። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ሌንስ፣ ምንነቱን ቀጥሎ በምነግራችሁ በሙሉ ፍሬም ካሜራ ስሌት፣ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ያለ ሰፊ ሌንስ ነው፤ ክንዳችንን ዘርግተን ራሳችንን ስናነሳ ፊታችን የሚያብጠውም ለዚህ ነው። ስልክ ብቻ ያላችሁ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ሁለት እጥፍ አቅርቡት፤ የእናታችሁ ፊት ወደ ራሱ ሲመለስ ታያላችሁ።

ሌንሱ የሚወስነው ከየት ቆመን ሰውየውን እንደምንይዘው ነው። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ) ያለው፣ ሙሉ ፍሬም የሚባለውን ካሜራ አቁመን ሰውን ከራሱ እስከ ጭኑ ማንሳት ብንፈልግ፣ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንድ ሜትር ያህል መጠጋት አለብን። በ50 ሁለት ሜትር እንቆማለን። በ300 ደግሞ 12 ሜትር። አንድ ሜትር የወዳጅ ርቀት ነው፤ የማያውቁትን ሰው አንድ ሜትር ድረስ ተጠግቶ ዓይኑ ላይ ካሜራ መደገን ጥቃት ይመስላል። አሥራ ሁለት ሜትር የመጮህ ርቀት ነው። ሁለት ሜትር ግን በአገራችን ወግ ሰላምታ የሚሰጥበት፣ "እንደምን አደሩ" ተብሎ መልሱ በቀስታ የሚሰማበት ርቀት ነው። 50 ሚሊ ሜትርን አጥብቄ የምወደው ለዚህ ነው። ሰላምታ ያስገድዳል።

የድሮዎቹ ፎቶ አንሺዎች ይህን የሚመርጡት ነገር አልነበረም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ይሠሩበት በነበረው ዘመን፣ ተነሺው ተዘጋጅቶና ፈቅዶ ካሜራው ፊት ይቀመጥ ነበር። በእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ያሉ ሰዎች እኛን በቀጥታ ሲያዩን የሚሰማን ክብደት አንዱ ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ከመካከላችሁ የአብዛኞቻችሁ ካሜራ ሴንሰር ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ነው። ኒኮን፣ ሶኒና ፉጂፊልም ላይ ማባዣው 1.5፣ ካነን ላይ 1.6 ነው። ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ እንደ 75 ወይም እንደ 80 ሆኖ እይታው ይጠባል፤ ሰውን ከራስ እስከ ጭኑ ለመያዝ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ይጠይቃል። በእኛ ቤቶች ስፋት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ስትሄዱ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ለእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ 35 ሚሊ ሜትር ውሰዱ፤ ከ50ው ጋር የሚቀራረብ እይታ ይሰጣችኋል። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ነው ደጋግሜ የምናገረው።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18–55 ሌንስ ክፉ ዕቃ አይደለም። ቀን ሜዳ ላይ ለሥራ ይበቃል። ችግሩ የሚገለጠው ቤት ውስጥ ነው። አንድ እናት ቡና ያፈላሉ እንበል። ብርሃኑ የሚገባው በበር ብቻ ነው፤ እሳቸው ከበሩ ትንሽ ወደ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። 18–55 ሌንሳችሁን 55 ላይ ስታደርሱት ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ግን አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል፤ 5.6ን ለ1.8 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ብታባዙት ታገኙታላችሁ። ይህ ማለት አንደኛው በሰከንድ አንድ ስልሳኛ የሚጨርሰውን ሥራ ሌላኛው አንድ ስድስተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። በአንድ ስድስተኛ ሰከንድ ጀበናውን ያጋደለችው እጅ ጭስ ትሆናለች፤ ስኒው ላይ የሚወርደው የቡና ክር ይጠፋል። እርግጥ ነው፣ ሰፊ ቀዳዳ የራሱ ዋጋ አለው። በሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ በ50 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 1.8፣ አንድ ሜትር ላይ ስታነሱ ጥርት የሚለው ክፍል ውፍረት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀረበው ዓይን ከጠራ ጆሮው ይደበዝዛል። ሁለት ሜትር ላይ ግን ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ሙሉ ፊት ይበቃዋል። እዚህም ርቀቱ ነው የሚያድነን።

አንዲት እህት፣ "ያለኝ ገንዘብ ለአዲስ ካሜራ አይበቃም፤ ልጠብቅ ወይስ ያገለገለ ልግዛ?" ብላ ጠይቃኛለች። አትጠብቂ። ከተሠራ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው 12 ሜጋፒክስል ካሜራ እንኳ 4,000 በ3,000 ነጥብ ያለው ፎቶ ይሰጣል፤ ይህም 34 በ25 ሳንቲ ሜትር ጥርት ብሎ ለመታተም ይበቃል። ቤቱ ግድግዳ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ የሰቀለ ስንቱ ነው? የካሜራው አካል በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ደህና ሌንስ ግን ሦስትና አራት ካሜራ ያሳልፋል። ገንዘብሽን ያገለገለ አካልና አንድ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ላይ አድርጊው።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ጠመዝማዛው ብዙ ነው። ካነን ላይ፣ ኢኤፍ-ኤስ የተባለው ሌንስ በውስጡ መስታወት ባለው (ዲኤስኤልአር በሚባለው) ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ አይገጥምም፤ አዲሱ አርኤፍ ሌንስ ደግሞ በአሮጌው ካሜራ ላይ በምንም አይገጥምም፤ የአሮጌው ኢኤፍ ሌንስ ግን በማገናኛ አዲሱ ላይ ይሠራል። ኒኮን ላይ፣ ዲ3000 እና ዲ5000 የሚባሉት ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር፣ ማለትም ሌንሱን እያዞረ ምስሉን የሚያጠራ ሞተር፣ የላቸውም። በርካሽ የሚሸጠውን የድሮውን ኤኤፍ 50 ሌንስ ገዝታችሁ ብትገጥሙት ፎከሱን በእጃችሁ ማዞር ግድ ይላችኋል። ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ።

ሌንሱን ራሱን ለማየት የስልካችሁ መብራት ይበቃችኋል። የፊትና የኋላ ክዳኑን አንሱ፣ ከኋላ በኩል መብራቱን አብሩና ከፊት ለፊት በሰያፍ ተመልከቱ። አቧራ ሁልጊዜ ይኖራል፤ አያስፈራም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ቅርንጫፍ ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ መልሱለትና ውጡ። እኔ አንድ ጊዜ፣ ማታ በደብዛዛ አምፖል፣ ሻጩ "ንጹሕ ነው" ስላለኝ ብቻ የወር ደመወዜን የሚያህል ከፍዬ የወሰድኩት ሌንስ ጠዋት ሳየው መስታወቱ መሃል እንደ በረዶ አበባ የተዘረጋ ሻጋታ ነበረበት። ወደ ፀሐይ ያዞርኩት እንደሆነ ፎቶው ሁሉ ወተት ይመስላል። ያን ሰው ዳግመኛ አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ በቀን ብርሃን ካልሆነ ሌንስ አልገዛም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

የእኛ አካባቢ ክረምት ለሌንስ ክፉ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ ዕቃችሁን በቆዳ ቦርሳ ዘግታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትተዉት። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት በብዛት ሰብስባችሁ አብራችሁ አኑሩ፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሌንሱን አውጡትና ብርሃን ይንካው። በበጋ ደግሞ ጠላታችን አቧራ ነው። አውድማ ላይ ሌንስ አትቀያይሩ።

ብርሃን ከጠቀስኩ አይቀር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንማረው ከሰሜን አገሮች ሰዎች ነው፤ የእነሱ ፀሐይ ደግሞ የእኛ አይደለችም። እነሱ ከመጥለቋ በፊት ስላለው "ወርቃማ ሰዓት" ይናገራሉ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐያችን ወደ አድማስ የምትወርደው በቀጥታ ሊባል በሚችል መንገድ ነው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል። የመጨረሻዋን 6 ዲግሪ ለመጨረስ 25 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ስለዚህ የእኛ ወርቃማ ሰዓት ግማሽ ሰዓት እንኳ አትሞላም። ቦታችሁን ቀድማችሁ መርጣችሁ፣ ሰላምታችሁን ቀድማችሁ ሰጥታችሁ መጠበቅ አለባችሁ። ቀትር ላይ ደግሞ፣ በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ሰውየውን ወደ ደጃፍ አስገቡት። ከጣራው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይቀመጥ፤ መሬቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ፊቱን ያበራዋል።

ሌላው የእኛው የብቻ ጉዳይ ጋቢና ነጠላ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ፍሬሙን ሲሞሉት ካሜራው "ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል። ጋቢው አመድ ይመስላል፤ ጠይሙ ፊታቸው ደግሞ ይጠቁራል፤ ዓይናቸው አይለይም። በየሠርጉና በየክርስትናው አልበም የምናየው ይህንኑ ነው፤ በጣም ያናድደኛል፤ የሰው ፊት እኮ ነው የጠፋው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፕላስና ማይነስ ያለበትን ቁልፍ ወደ ፕላስ 1 አድርሱ፤ ከዚያ የጋቢው ድርና ማግ አሁንም መታየቱን በስክሪኑ ላይ አረጋግጡ። ከጠፋ ትንሽ መልሱ። ቅድሚያ ለፊቱ ስጡ።

ረጅም ሌንስ ጭራሽ አትግዙ እያልኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ከፊት ለፊታችን ባለው ረግረግ ላይና በገፈርሳ ግድብ በኩል ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ይታያል። ዝይ ሰላምታ አይቀበልም፤ እሱን ለማንሳት 300 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ተጠግታችሁ ብታስበረግጉት ጉዳቱ ለወፉ ነው። በእጅ ስትይዙት ደግሞ ፍጥነቱ ከሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ እንዳያንስ። ውኃ ግድብ አጠገብ ከሆናችሁ መጀመሪያ ጥበቃዎቹን አነጋግሩ።

አንድ ወንድም፣ አባቱ ትተውለት የሄዱትን ዜኒት ካሜራ ይዞ መጥቶ "ይህ አሁን ምን ይሠራል?" ብሎኛል። ላዩ ላይ ያለው ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 ሌንስ ነው። በሶቭየት ኅብረት ተምረው ከተመለሱ የአገራችን ልጆች አንዱ አጎቴ ነው፤ እሱም ይህንኑ ይዞ ነበር የመጣው። ይህ ሌንስ ከፊልሙ 45 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንዲሠራ የተሠራ ነው። መስታወት አልባዎቹ ካሜራዎች ግን ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ያላቸው ርቀት ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። የተረፈውን ቦታ ባዶ የብረት ቀለበት ይሞላዋል፤ ኤም42 ማገናኛ የሚባለው ይህ ነው። ፎከሱን በእጅህ ታዞራለህ፤ አባትህ ባዩበት መስታወት አንተም ታያለህ። አትሽጠው።

ስለ አውድማው አባት አንድ ነገር ይቀረኛል። ፎቶውን 20 በ30 አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ለረጅም ጊዜ በዝምታ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ገለባው ላይ አድርገው፣ "ነፋሱን ያዝከው" አሉኝ። ባለቤታቸውን ጠርተው አሳዩአቸው፤ ባለቤታቸውም "እኔስ?" አሉ፤ እኒያን ደግሞ በደጃፉ ጥላ አነሳኋቸው።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ደህናው ብርሃን ሊጀምር ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አለን። ዙም ሌንስ የያዛችሁ፣ አዘጋጆቹ ጋ ፕላስተር አለ፤ ቀለበቱን 35 ላይ አድርጋችሁ አጣብቁት፤ ሙሉ ፍሬም ያላችሁ 50 ላይ። እስክንመለስ ድረስ ፕላስተሩን አትላጡት። ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለው መንገድ ወደ ሜዳው እንወርዳለን፤ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ፤ ትናንት አነጋግሬአቸው "ይምጡ" ብለዋል። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዳችሁ ካሜራችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በበሩ ገብታችሁ፣ መጀመሪያ ሰላም በሏቸው።